ቱተን የተጻፈበት ኩባያ

ሆይት ቱተን የዚያን እሑድ ጠዋት ቁርሱን የበላው ከአንድ የብር ኩባያ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው። ሚስቱ መርል በሕይወት ሳለች ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ትይዩ ጠረጴዛው ላይ አቆመውና፣ የበቆሎ ገንፎውን በቅቤ እያማሰለ፣ አልፎ አልፎ ቀና ብሎ ያየዋል። ኩባያው ከጡጫ አይበልጥም። ሆዱ ላይ «ቱተን» የሚል ስም፣ ከሥሩም የልጁ የልደት ቀን በሚያምር እጅ ተቀርጾበታል። መቶ አርባ ዶላር ከፍሎበታል። ብር ሠሪው የቤተሰቡም ስም ይጨመር ወይስ የልጁ ስም ብቻ ይበቃል ብሎ ሲጠይቀው፣ የልጁ ስም ብቻ ይበቃል፣ ቤተሰቡን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል ብሎ መለሰ። ሲመልስም ባንኮኒው አጠገብ የቆሙት ሁለት ወይዛዝርት እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር። ስልሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ኩራት ብዙም ያልጎበኘው ሰው ሲኮራ እንዲህ ነው፤ ትንሽ ይጮኻል።

ቁርሱን ጨርሶ እጁን ለሦስተኛ ጊዜ ታጠበ። መጀመሪያ በልብስ ሳሙና፣ ቀጥሎ በበረኪና፣ በመጨረሻ በግማሽ ሎሚ ጥፍሮቹን ፈተገ። የሆይት ሥራ የሽንት ቤት ጉድጓድ መምጠጥ ነው። ከቻርልስተን ከተማ ወንዙን ተሻግሮ ባሉት ሰፈሮችና በደሴቶቹ ላይ፣ የከተማው ቧንቧ ያልደረሰላቸው ቤቶች አብዛኞቹ የእሱ ደንበኞች ናቸው። ጓሮው የቆመው አረንጓዴ ቦቴ መኪና በግራም በቀኝም ጎኑ «ቱተንና ልጅ» የሚል ቢጫ ጽሑፍ አለው። ያጻፈው አባቱ ነው፤ «ልጅ» የተባለው ደግሞ እሱ ራሱ ሆይት ነው። ከእሱ በኋላ ግን «ልጅ» የሚባል አልመጣም። ታናሽ ወንድሙ ሳያገባ ኮሪያ ዘምቶ ቀረ፤ እሱና መርል የወለዱት ሮንዳን ብቻ ነው። ሮንዳም ከሦስት ዓመት በፊት ስታገባ፣ እንደማንኛዋም ሙሽራ የአባቷን ቤት ስም አውልቃ የባሏን ቤት ስም ለበሰችና ሮንዳ ማርሻንት ሆነች። ከዚያ ቤት ቱተን ተብሎ የሚጠራ ሆይት ብቻ ቀረ። እሱ ሲሞት ስሙ የሚኖረው ቦቴው ላይ ነው፣ ያውም ቦቴው ዝጎ እስኪያልቅ።

ማርሻንቶች ግን ደንብ አላቸው። በእነሱ ቤት የመጀመሪያው ወንድ ልጅ የሚጠራው እናቱ ትዳር ከመያዟ በፊት በነበራት የአባት ቤት ስም ነው። የሮንዳ ባል ሎክዉድ የተባለው እናቱ ሚስ ካሚላ ከሎክዉዶች ቤት ስለመጣች ነው፤ አባትየው ሃስኬል የተባለው የእሱ እናት ከሃስኬሎች ቤት ስለነበረች ነው። እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ሁለት መቶ ዓመት ይሄዳል። ሆይት ይህን የሰማው በሠርጉ ቀን ከራሱ ከሃስኬል ማርሻንት አፍ ነው። ሰውየው የውስኪ ብርጭቆውን እንደያዘ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የተደረደሩትን የአያቶቹን ሥዕሎች አንድ በአንድ አስተዋወቀው። አንደኛው ጋ ሲደርሱ ሳቅ አለ። ጉንጩ ያበጠ፣ ዐይኑ የደከመው ሰውዬ ነው። ይህ ግራብ ማርሻንት ነው አለው፤ እናቱ የቆዳ ፋቂ ልጅ ነበረች፣ ግራብ የሚባል ቆዳ ፋቂ፤ ከተማው አፍንጫውን ይዞ ስቆብናል፣ አያቶቻችን ግን ደንብ ደንብ ነው ብለው ልጁን ግራብ አሉት። ሆይት ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ሥዕል እንደ ዘመድ ወደደው። የቆዳ ፋቂ ስም ግድግዳ ላይ ከወጣ የሽንት ቤት መጣጭ ስምም ይወጣል ማለት ነው ብሎ አሰበ። እውነትም እንዲያ ይመስል ነበር።

ስለዚህ ሮንዳ ከስድስት ሳምንት በፊት ወንድ ልጅ ስትገላገል ሆይት ስሙ ማነው ብሎ አልጠየቀም። ምኑ ይጠየቃል? ሆስፒታል ሄዶ ልጁን አቅፎ «እንዴት ነህ፣ ቱተን» አለው። ሮንዳ ያን ጊዜ ወደ መስኮቱ ዞር ብላ መጋረጃውን ዝጉልኝ፣ ፀሐዩ ዐይኔን ወጋኝ አለች። አልጋው ራስጌ የተንጠለጠለው ካርድ «ሕፃን ማርሻንት፣ ወንድ» ይላል፣ በቃ። ሁለተኛ ጊዜ ቤታቸው ሲሄድ ልጁ ተኝቶ ነበር። ስልክ ሲደውል ሮንዳ «ሕፃኑ» ትላለች፤ ሕፃኑ አስነጠሰው፣ ሕፃኑ ሌሊት አያስተኛኝም። እሱም «ቱተንን ሳሚልኝ» ብሎ ይዘጋል። የጥሪው ወረቀት በወፍራም ካርድ ታትሞ ሲደርሰውም «የልጃችን የክርስትና በዓል» ይላል እንጂ ስም የለበትም። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠረጥር ነበር። ሆይት ግን ደስታው አፉን ሞልቶት ለጸጉር አስተካካዩ ነገረ፣ ለጎማ ጠጋኙ ነገረ፣ ጉድጓዳቸውን ሲመጥጥላቸው አፍንጫቸውን ይዘው ከሩቅ ለሚያዩት ደንበኞቹ ሁሉ ነገረ። ጸጉር አስተካካዩ እንዲያውም፣ አንተ ሆይት ከእንግዲህማ ጸጉርህን በነፃ አልቆርጥልህም፣ የባላባት ዘመድ ሆነሃል ብሎ ቀልዶበት ነበር። በነፃ ቆርጦለት አያውቅም።

ከሁሉ አስቀድሞ የነገረው ለጎረቤቱ ለሚስ ቨርዲ ነው። ሰማንያ ሊሞላት ሁለት ዓመት የቀራት ባልቴት ናት። የመርል ወዳጅ ነበረች፤ አሁን ሥራዋ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ የሆይትን መውጣትና መግባት መጠበቅ ነው። ለመርል ቀብር የገዛውን ጥቁር ሱፍ ለብሶ ብቅ ሲል አየችው።

«አንተ ሆይት፣ ዛሬስ ሰው መሰልክ። ና እስቲ ወዲህ፣ ላሽትትህ።»

«ሎሚ ሎሚ ነው የምሸተው፣ ሚስ ቨርዲ።»

«ሎሚ ሎሚማ ትሸታለህ። ልክ እንደ ተጠበሰ ዓሣ» አለችና የክራባቱን ቋጠሮ አስተካከለችለት።

ሳጥኑን ከፍቶ ኩባያውን አሳያት። አገላብጣ አየችው፤ ዐይኗ ጽሑፍ ስለማያነብላት ስሙን በጣቷ ዳበሰችው። መርል ይህን ብታይ አለች። ሲመለስም አንድ ሳያስቀር እንዲነግራት አስማለችው፤ ምን እንደለበሱ፣ ምን እንዳበሉ፣ ኩባያውን ሲያዩ ምን እንዳሉ። ሆይት እሺ ብሎ ሳጥኑን ዘጋ።

ቦቴውን ትቶ በአሮጌው ፒክአፕ ሄደ። ድልድዩ ሳይደርስ ሮንዳ የተማረችበት ትምህርት ቤት አለ፤ ከትምህርት ቤቱ ቀደም ብሎ ደግሞ ከረሜላም የሚሸጥ የነዳጅ ማደያ። ሮንዳ ልጅ ሳለች ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት በቦቴው ሲያደርሳት፣ ማደያው ጋ ስትደርስ «እዚህ አውርደኝ፣ አባዬ» ትለው ነበር። ከረሜላ ልትገዛ ነው ብሎ ሁልጊዜ አሥር ሳንቲም ይሰጣታል። አንድ ቀን አስቀርቶባት አያውቅም፣ ሥራ በጠፋበት ሳምንት እንኳ። እሱ በልጅነቱ ከረሜላ ያየው በገና በገና ነበርና፣ አባትነት ማለት ያ አሥር ሳንቲም ይመስለው ነበር። ዛሬም ማደያውን ሲያልፍ ትዝ ብሎት ብቻውን ፈገግ አለ።

ሆይት ባፕቲስት ነው። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ሕፃን አይጠመቅም፤ ሰው ክፉና ደጉን ለይቶ ራሱ ሲጠይቅ ሙሉ ለሙሉ ውሃ ውስጥ ይነከራል። የማርሻንቶች ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሌላ ነው፤ ሰው መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚንበረከክ፣ የትኛውን ገጽ እንደሚያነብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሆይት ሌላው ሲነሣ እያየ ይነሣል፣ ሲነሣም ሌላው ይቀመጣል። ያስቀመጡት ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከሎክዉድ አክስት ከሚስ ኢዶራ አጠገብ ነው። ሳጥኑን ጭኑ ላይ ይዟል። ሚስ ኢዶራ በፈገግታ መጽሐፏን ወደሱ እየገፋች በጣቷ መስመሩን ታሳየዋለች፤ ሆይትም ያላነበበውን አነበብኩ ብሎ ራሱን ይነቀንቅላታል።

ቄሱ ልጁን ከሮንዳ እጅ ተቀበሉ። ነጩ ቀሚስ ከልጁ እግር ወርዶ አንድ ክንድ ያህል ይንጠለጠላል፤ ሎክዉድም ሃስኬልም የተጠመቁበት ቀሚስ ነው። ቄሱ ወደ ክርስትና አባቱ ዞረው «የሕፃኑን ስም ጥሩ» አሉ። ሆይት ወንበሩ ጫፍ ላይ መጣ። የክርስትና አባቱ ጠበቃ ነው፤ ፍርድ ቤት በለመደ ጥርት ያለ ድምፁ «ሎክዉድ ሃስኬል» አለ።

ሆይት መጀመሪያ የልጁን አባትና አያት የጠሩ መሰለው። ቀርበው እንዲቆሙ ነው ብሎ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ቄሱ ውሃውን በእፍኛቸው አንሥተው «ሎክዉድ ሃስኬል፣ አጠምቅሃለሁ» ሲሉ ያን ጊዜ ገባው። ውሃው የልጁ ራስ ላይ ሦስት ጊዜ ፈሰሰ። ልጁ አላለቀሰም። ሆይት ሳጥኑን ወደ ደረቱ አስጠጋ። ሁለት ስም ሲሰጡት ለእሱ አንዱን አላተረፉለትም፤ መሃል የሚገባውን፣ ከፊርማ ላይ እንኳ በአንድ ፊደል የሚታለፈውን፣ እሱንም ነፈጉት። ሮንዳን አያት። የሚታየው ጀርባዋ ነው። አንገቷ ቀጥ ብሏል፤ አንድ ጊዜም ዞር አላለችም። ሰው ሁሉ ሲንበረከክ ሆይት ሳጥኑን እንዳቀፈ ተቀምጦ ቀረ፣ ሚስ ኢዶራም እጅጌውን ሳብ አደረገችው።

ከዚያ ተነሥቶ ወደ ቤቱ መሄድ ይችል ነበር። ነገር ግን ሰው ሲዋረድ መጀመሪያ የሚያስበው ሌላው እንዳያውቅበት ነው፤ ስለዚህ ከተጋባዡ ጋር በእግሩ እየተነዳ ማርሻንቶች ቤት ገባ። በሩ ላይ ሚስ ኢዶራ ሳጥኑን ከእጁ ወሰደችው፤ ስጦታ ተቀባይ እሷ ናት። እንቢ ለማለት ምክንያት አላገኘም። ቤቱ ያረጀ ነው፤ ወለሉ ወደ ወንዙ ያዘነብላል፣ ምንጣፉ ክሩ ወጥቷል፣ የመስኮቱ መዝጊያ በገመድ ታስሯል። እንዲህ ያሉ ሰዎች አዲስ ዕቃ መግዛት ነውር ይመስላቸዋል። የድሃ ምንጣፍ ሲያልቅ ድህነት ነው፣ የእነሱ ሲያልቅ ግን ታሪክ ይባላል። የተዘረጋው ምግብ ከሁለት ጣት የማይበልጥ ዳቦ፣ መሃሉ ስስ የአሳማ ሥጋ፤ ሽሪምፕ በቅቤ፤ በትልቅ ጎድጓዳ ብርጭቆ የተበጠበጠ ቀይ መጠጥ ነው። ሆይት ዳቦውን ይዞ ቆመ እንጂ አልበላውም።

ሃስኬል ማርሻንት ትከሻውን መታ መታ አድርጎ እንኳን ደስ ያለህ አለው፤ ትንፋሹም ሳይቋረጥ ደሴቱ ላይ ስላላቸው የበጋ ቤት ጉድጓድ ጀመረው። ውሃው ወደ ላይ እየመለሰ ነው፣ መታጠቢያ ቤቱ መሽተት ጀምሯል፣ እንግዶች ሳይመጡብን በዚህ ሳምንት ብቅ ብትል? የሚከፈለውን እንከፍላለን፣ ዘመድ ነው ብለህ እንዳትቀንስልን ብሎም ሳቀ። ሆይት ሐሙስ እመጣለሁ አለ። አፉ ለምዶበት ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ጉድጓዴ ሞላ ሲለው መቼ ልምጣ እንጂ ሌላ መልስ መልሶ አያውቅም። ሐሙስ እመጣለሁ ካለ በኋላ ግድግዳውን ቀና ብሎ አየ። ግራብ ማርሻንት በደከመው ዐይኑ ቁልቁል አየው።

በዚያ ቤት ስጦታ አይደበቅም። ከየሳጥኑ ወጥቶ፣ የሰጪው ካርድ ከሥሩ ተደግፎ፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ለሁሉ ይታያል። የሆይት ኩባያ ከጥቂት ማንኪያዎችና ከአንድ የቆየ የብር ኩባያ መሃል ቆሟል። የቆየው ላይ «ሎክዉድ» ይላል፤ የአባትየው ነበር፣ አሁን የልጁ ሆነ፣ አዲስ ማስቀረጽ እንኳ አላስፈለገም። ሚስ ኢዶራና ሌላ ሴትዮ ከጠረጴዛው ፊት ቆመዋል። ሆይት ከኋላቸው ነበር፤ አላዩትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የዚያን ቀን ግን የሆይት ጆሮ ለባለቤቱ አደረ።

«ይኼኛውን አየሽው?» አለች ሚስ ኢዶራ። «የሮንዳ አባት ነው ያመጣው። ሰውዬው የድርጅቱን ስም አስቀርጾበታል እኮ፣ ልክ ለደንበኛ እንደሚታደል ቀን መቁጠሪያ።»

«ስልክ ቁጥሩን ረስቶታል» አለች ሌላዋ።

ሁለቱም አፋቸውን በእጃቸው ከደን አድርገው ሳቁ። ክፉ ሴቶች ቢሆኑ ሆይት ይቀለው ነበር። ክፉዎች አልነበሩም፤ በእውነት የገባቸው እንደዚያ ነው። ቱተን የሚለውን ቃል የሚያውቁት ከቦቴ ጎን ላይ ነው፤ የሰው ልጅ፣ ያውም የእነሱ ልጅ፣ በዚያ ቃል ሊጠራ ይችላል ብለው የሚገምቱበት ምክንያት አልነበራቸውም። ሆይት በመሃላቸው እጁን አሳልፎ ኩባያውን አነሣና ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ሴቶቹ ደንገጥ ብለው፣ አየሩ እንዴት ደስ ይላል፣ ዝናብ ሊመጣ ነው እየተባባሉ ወደ ምግቡ ሄዱ።

ሚስ ካሚላ ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆማ አየች። ቀጭን፣ ጀርባዋ የማይጎብጥ ሴት ናት። ሆይት ጥፋተኛዋ እሷ ናት ብሎ ገና ቤተ ክርስቲያኑ ወንበር ላይ ሳለ ፈርዶባታል። ያን ፍርዱን ይዞ ሄደባት፤ ልጆቻቸው ከተጋቡበት ቀን ጀምሮ ከሰላምታ በላይ ሲነጋገሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«ሚስ ካሚላ፣ ግራብን የቻለ ግድግዳ ቱተንን ለምን አቃተው?»

«እኔ አይደለሁም፣ ሚስተር ቱተን» አለች። «ሰው ሁሉ እኔ ነኝ ብሎ እንደሚያስብ አውቃለሁ፤ ለምጄዋለሁ። ግን እኔ አይደለሁም።»

ስሙን አልወደደችውም፤ ይህንንም አልደበቀችውም። ልጄ የቱተንን ልጅ ሊያገባ ነው ሲሉኝ ሁለት ቀን ከአልጋ አልወረድኩም አለችው፣ ዐይን ዐይኑን እያየች። ነገር ግን ደንብ ሲመች ብቻ የሚጠበቅ ከሆነ ደንብ አይደለም። ግራብን የዋጥን ሰዎች ቱተንን ማላመጥ አያቅተንም። ሮንዳ በወለደች ማግሥት ሚስ ካሚላ ሆስፒታል ድረስ ሄዳ፣ የልደት ቅጹ ሳይፈረም፣ የልጁ ስም ቱተን ነው ብላ ተናግራለች፤ አንዴ ሳይሆን ሦስት ቀን ተመላልሳ ተከራክራለች። ለእርስዎ ብዬ አይደለም አለችው፤ ለግድግዳው ብዬ ነው።

«ታዲያ ልጅዎ ነው? ሎክዉድ ነው እንቢ ያለው?»

«ሎክዉድማ እንደ አባቱ ነው፣ በመጨረሻ ከተናገረው ሰው ጋር ይስማማል።» ሚስ ካሚላ ወደ ደረጃው ተመለከተች። «ከፎቅ ናት፣ ልጁን እያጠባች። እሷን ይጠይቋት።»

ደረጃው ላይ ሎክዉድ ቁልቁል ሲወርድ ተገናኙ። ወጣቱ ክፉ አይደለም፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። ነግራዎት መስሎኝ ነበር፣ ሚስተር ሆይት፣ እውነቴን ነው ነግራዎት መስሎኝ ነበር አለው። ሆይት አልፎት ወጣ።

ክፍሉ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ የግድግዳው ወረቀት ጥጉ ላይ ተልጧል። ሮንዳ መስኮቱ አጠገብ አጭር ወንበር ላይ ተቀምጣ ታጠባለች። ትከሻዋን በሻሽ ሸፍናለች። አባቷ በሩን ዘግቶ ቆመ፣ እሷም ቀና አላለችም። ከታች ሳቅና የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ልጁ ሲጠባ የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ነው። ሆይት ለሚስ ካሚላ ያዘጋጀው ቁጣ ነበረው፤ ለሮንዳ ያዘጋጀው አልነበረም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ለሮንዳ ቁጣ አዘጋጅቶ አያውቅም።

«ልነግርህ ነበር፣ አባዬ» አለች በመጨረሻ። «በደወልክ ቁጥር ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ። አንተ ደግሞ ቱተንን ሳሚልኝ ትልና ትዘጋዋለህ።»

መሃል ላይ እንኳ አለ ሆይት። ስሙ መሃል ላይ ቢገባ ማን ያየው ነበር? ሮንዳ ልጁን ወደ ሌላው ጡቷ አዛወረችው። ጊዜ ወሰደባት።

«ማደያው ትዝ ይልሃል? የምታወርደኝ ቦታ።»

«ከረሜላ የምትገዢበት።»

«አንድም ቀን ከረሜላ ገዝቼ አላውቅም። ከቦቴው ስወርድ እንዳያዩኝ ነበር። ቢሆንም አዩኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሮንዳ ብሎ የጠራኝ ልጅ የለም፣ ቱተን ነው የሚሉኝ። አስተማሪዋ ስም ስትጠራ እኔ ጋ ስትደርስ ክፍሉ ሁሉ አፍንጫውን ይይዝ ነበር፤ እሷም ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደሚቀጥለው ታልፋለች።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ብዙ ጊዜ ለብቻዋ የተናገረችው ነገር ይመስላል። «አንተን አይደለም፣ አባዬ። አንተ ደግ አባት ነበርክ። ግን ይሄ ልጅ ስሙ በተጠራ ቁጥር ሰው አፍንጫውን ሲይዝ አያይም። የሎክዉድ እናት ለግድግዳዋ ተከራከረች፤ እኔ ለልጄ ተከራከርኩ።»

«አሥር ሳንቲሙንስ?» አለ ሆይት።

«አጠራቅሜው ነበር። ለነርስ ትምህርት ቤት ከቤት ስወጣ ሻንጣዬን የገዛሁት በእሱ ነው።»

ያን ሻንጣ ሆይት ያስታውሰዋል። ሰማያዊ ነበር። አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ የተሸከመላት እሱ ነው፤ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ገንዘብ መያዝ ታውቃለች ብሎ ለመርል በኩራት ነግሯታል። ኪሱ ውስጥ ኩባያውን ጨበጠ። ኩባያውን ስጠኝ፣ ባይጠራበትም አስቀምጥለታለሁ፣ መሳቢያ ውስጥ እደብቀዋለሁ ትለው እንደሆነ ጥቂት ጠበቀ። መሳቢያ ውስጥም ቢሆን ይበቃው ነበር። ሮንዳ የኮቱን ኪስ አየች፣ በጨርቁ ላይ የተወጠረውን ክብ ነገር አየች፣ ከዚያ ዐይኗን ወደ ልጁ መለሰች። ሆይት ጎንበስ ብሎ የልጁን እግር ሳመ። ስሙን ጠርቶ ሊሰናበተው ፈልጎ ነበር፤ የሚያውቀው ስም የልጁ አይደለም፣ የልጁ ስም ደግሞ ከአፉ አልወጣ አለው። በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ።

ሲመለስ ማደያው ጋ ፒክአፑን አቆመ። ነዳጅ አልፈለገም። ሮንዳ ትወርድበት የነበረው ቦታ ሄዶ ቆመና ወደ ትምህርት ቤቱ አየ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ዛፍ የለው፣ አጥር የለው። የትምህርት ቤቱ በር፣ ሜዳው፣ ከሜዳው ጀርባ የክፍሎቹ መስኮቶች ሁሉ ይታያሉ። ሦስት መቶ እርምጃ አይሞላም። ከዚያ ሜዳ ላይ የቆመ ልጅ አረንጓዴ ቦቴና ቢጫ ጽሑፍ ቀርቶ፣ ከቦቴው የምትወርደውን ልጅ የፀጉር ሪባን ያያል። ስድስት ዓመት ጠዋት ጠዋት በዚያ ሲያልፍ አንድ ቀን ወደዚያ አላየም፤ ከኪሱ አሥር ሳንቲም ይፈልግ ነበር። ባለማደያው ወጥቶ የጎደለህ ነገር አለ ወይ ብሎ ሲጠይቀው የለም አለና መኪናውን አስነሣ።

ሚስ ቨርዲ በረንዳዋ ላይ እየጠበቀችው ነበር። ከመኪናው ሳይወርድ አልጠየቀችውም፤ ወርዶ እስኪመጣ ጠበቀችና አጠገቧ ያለውን ወንበር በእጇ መታ መታ አደረገችለት። አልተቀመጠም።

«እህሳ፣ ትንሹ ቱተን እንዴት ዋለ?»

ሆይት ወደ ጓሮው ተመለከተ። የቦቴው አፍንጫ ከቤቱ ጥግ ብቅ ብሏል።

«አላለቀሰም» አለ። «ውሃው ሲነካው እንኳ ዝም አለ።»

«የአያቱ ነገር። ኩባያውንስ?»

«ጠረጴዛ ላይ አቆሙት። ሰው ሁሉ አየው።»

«ምን አሉ? ማልልኝ እንዳልኩህ አትርሳ።»

«ሳቁ» አለ ሆይት። «ደስ ብሏቸው ሳቁ።»

ሚስ ቨርዲ ዐይኗን ጨፍና ወደ ወንበሯ ተደገፈች። የመርል ስም ከአፏ ሲወጣ ሰማ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» አለች። «እንግዲህ አንተ ያለ ሐሳብ መሞት ትችላለህ፣ ሆይት።»

«እችላለሁ» አለ። «ሐሙስ ብቻ የማርሻንቶች ጉድጓድ አለብኝ።»